ለግራ ክንድ ጋሻ፣ ለቀኝ ክንድ ቢትዋ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የጎልያድ ትጥቅ ሲዘረዘር፣ የአማርኛው ትርጉም ለራሱ የራስ ቁርን፣ ለአካሉ ጥሩርን፣ ለእግሩ ገምባሌን ይሰጠዋል። ጥሩር የብረት ወይም የናስ ቀለበቶች ወይም ቅርፊቶች ተያይዘው የሚሠሩት የጦር ልብስ ሲሆን፣ ገምባሌ ደግሞ ከጉልበት በታች ያለውን የእግር ክፍል የሚሸፍን ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ክንድ የራሱ ልብስ የለውም፤ የክንድን ሥራ የሚሠራው ከፊት ከፊት የሚሄደው ሰው የተሸከመው ጋሻ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮችም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ እግረኛው ወታደር ክንዱን በብረት ሳይጠቀልል ለዘመናት ተዋግቷል፤ በአማርኛ የጦር ቃላት መካከልም ከክንድ ጋር ተያይዘው ጎልተው የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በግራ ክንድ የሚያዘው ጋሻ፣ ሁለተኛው በቀኝ ክንድ የሚጠለቀው ቢትዋ። የመጀመሪያው ከጠላት ምት ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ምቱን አልፎ ለመጣ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ነው። የደጋው ሰው ለክንዱ ያሰበለት ጥበብ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ይህ ጥበብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አገሩን ማየት ይረዳል። ለምሳሌ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የዋግ ገዥዎች የነበሩት የዋግሹሞች መናገሻ ሆና የኖረች፣ ዛሬም የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ የሆነች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ከከተማዋ በየትኛውም አቅጣጫ የሚወጣ መንገድ ወይ ወደ ተከዜ ሸለቆና ወደ አበርገሌ ቆላ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ላስታ ተራሮች ይወጣል። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በቅሎና አህያ ተጭኖ ወደ ደቡብ የሚያልፍበት ገበያ ሰቆጣ በመሆኗ፣ የአካባቢው ሰው ጭነትን በክብደቱ ሳይሆን በዳገቱ መመዘን ያውቃል። በዚህ አገር የሚዘምት እግረኛ ስንቁን፣ ጦሩንና ጎራዴውን ይዞ በአንድ ቀን ከቆላ እስከ ደጋ ሊወጣ ይችላል፤ በክንዱ ላይ የሚጨመርበት እያንዳንዱ ግራምም ከትከሻው በራቀ ቁጥር እየከበደው ይሄዳል። ግማሽ ኪሎ ብረት ደረት ላይ ሲታሰር ብዙም አይሰማም፤ አንጓ ላይ ሲታሰር ግን ጦር በተሰበቀና ጎራዴ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ትከሻ ይሆናል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአንድ ጎልማሳ የታችኛው ክንድ ከአንጓ እስከ ክርን ርዝመቱ 25 ሳንቲሜትር፣ ዙሪያው በአማካይ 28 ሳንቲሜትር ነው ቢባል፣ የሚሸፈነው ስፋት 700 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ይህ ስፋት 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ብረት ቢሸፈን ብረቱ ብቻውን 550 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለሁለቱም ክንድ ከ1 ኪሎ ይበልጣል፤ ክርንንና የላይኛውን ክንድ የሚሸፍነው ሲታከልበት ደግሞ እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የበሬ ቆዳ ያንኑ ስፋት ሲሸፍን ከብረቱ ግማሽ ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ለዱላ ምት ደግሞ ከስስ ብረት የማይተናነስ ማረፊያ ይሆናል።

በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን እግረኞች ይህንኑ ችግር በመሃል መንገድ ለመፍታት ሞክረዋል። ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን በቆዳ ላይ ጎን ለጎን በመደርደር የሚሠራው የክንድ መሸፈኛ ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ በስዊድን ቫልስጋርደ በተባለው የመቃብር ስፍራ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ዓይነት የብረት ዘንጎች ተገኝተዋል። ዛሬ በዚያ አህጉር የጥንቱን ውጊያ ለስፖርት ወይም ለትዕይንት የሚደግሙ ሰዎች ቀለል ያለ ትጥቅ ሲፈልጉ የሚመርጡት ይህንኑ አሠራር ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን በ1361 እ.ኤ.አ. በጎትላንድ ደሴት፣ በቪስቢ ከተማ ቅጥር ሥር በተካሄደው ጦርነት ከሞቱት ከ1,000 በላይ ሰዎች የጅምላ መቃብር ውስጥ ነው፤ አጥንቶቹን የመረመሩት ሊቃውንት ካገኟቸው የምት ምልክቶች ብዙዎቹ ያረፉት በታችኛው የእግር ክፍል ላይ ነው። ጋሻ የያዘ ሰው ክንዱና ደረቱ ከጋሻው ጀርባ ስለሚውል ጠላቱ የሚያገኘው ያልተሸፈነውን እግር መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል። ጋሻ፣ በትክክል ሲታይ፣ ከክንድ ተለይቶ የቆመ የክንድ ልብስ ነው።

ኢትዮጵያ የብረት ልብስን አታውቅም ነበር ማለት ግን አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ጥቂት ጥሩሮችን ማየቱን ጽፏል፤ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የሚተርከው ፉቱሕ አል ሐበሻም ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን ደጋግሞ ያነሣል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የገለጻቸው የብረት ለባሽ ፈረሰኞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚታየው ጥሩር የፈረሰኛና የመኳንንት ልብስ እንደነበረ፣ ክብደቱንም የሚሸከመው ፈረሱ እንደነበረ ነው። ገበሬው እርሻውን ትቶ ሲዘምት ይዞት የሚወጣው ጦሩንና ጋሻውን ነበር። ጋሻ ያልነበረው ሰው ጋቢውን በግራ ክንዱ ላይ ደራርቦ ጠምጥሞ ዱላ ይመክታል፤ ይህ ከክንድ ልብሶች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው። አውሮፓውያኑም ከብረቱ ሥር ይለብሱት የነበረው ድርብርብ ጨርቅ የተሰፋበት እጅጌ ከዚህ በአሠራር እንጂ በሐሳብ አይለይም።

የታችኛው ክንድ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ከትንሿ ጣት ጀምሮ እስከ ክርን ድረስ በሌላው እጅ በመዳሰስ ማወቅ ይቻላል፤ በዚያ በኩል ያለው አጥንት ምንም ሥጋ ሳይከልለው ከቆዳው ሥር ተጋድሞ ይገኛል። ሰው በራሱ ላይ የመጣበትን ዱላ ሲያይ ሳያስብ የሚያነሣው ክንዱን ነውና፣ ምቱን የሚቀበለው ይህ አጥንት ነው፤ ሐኪሞችም በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን ስብራት ከሌላው ለይተው ያውቁታል። ጋሻ የተሠራው ይህን ሳይታሰብ የሚነሣ ክንድ ለማገዝ ነው።

የደጋው ጋሻ ክብ ሲሆን፣ መካከሉ እንደ ጉልላት ወይም እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ወደ ፊት የወጣ፣ ጠርዙ ደግሞ ወደ ውጭ በትንሹ የተቀለበሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ከጉንጭ እስከ እምብርት ያለውን ለመከለል ይበቃል፤ ሲሮጡ ጉልበት አይመታም፤ በገደል መንገድ ከቅርንጫፍ ጋር አይያያዝም። የተመረጠው ቆዳ የጎሽ ነበር፤ ጉማሬና በሬም ያገለግላሉ። ጎሽ የሚገኘው በቆላው ስለሆነ፣ የደጋው ጋሻ ጥሬ ዕቃው ከታች የመጣ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የጠፍር አልጋን ማስታወስ ይጠቅማል። ጠፍር ከጥሬ ቆዳ የተተለተለ ሲሆን፣ እርጥብ እያለ በአልጋው ቋሚዎች ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅ እየተኮማተረ ራሱን ያጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ለዓመታት ቢተኛበት አይረግብም። ከበሮም የሚወጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ጋሻም እንዲሁ ከለፋ ቆዳ ሳይሆን ከጥሬ ቆዳ ይሠራል፤ የለፋ ቆዳ ማለት በቅባትና በማሸት ለስልሶ እንዲታጠፍ የተደረገ ሲሆን፣ ይህ ለስልቻና ለማንገቻ ይበጃል፤ ለጋሻ ግን ልስላሴው ጉድለት ነው። ጥሬው ቆዳ ተነክሮ፣ ጠጉሩ ተገፎ፣ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ክሮች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ቀንድ ይጠነክራሉ። በእርጥበቱ ጊዜ ደግሞ ከውስጥ በኩል በደነዘዘ መሣሪያ እየተገፋ ክብ መስመሮችና ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እነዚህ ለዓይን ጌጥ ቢሆኑም ሥራ አላቸው፤ ጠፍጣፋውን ስፋት ወደ ሸንተረር ስለሚለውጡት ቆዳው በቀላሉ አይታጠፍም።

የዚህ ጥበብ ዋጋ በሚዛን ሊታይ ይችላል። 50 ሳንቲሜትር ስፋትና 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ያለ ጋሻ ከ1 ኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም፤ በዚያው ክብደትና በዚያው ቅርጽ ከብረት ቢሠራ ግን ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ይሆናል፤ እንዲህ የሳሳ ብረት በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይጎደጉዳል። ጥሬ ቆዳ ግን ጥቂት ተለጥጦ ይመለሳል፤ ሾጣጣው ቅርጽም የጦሩን ጫፍ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ጠላቱ ውኃ ነው። የረጠበ ጋሻ ወደ ቁርበትነቱ ይመለሳልና በክረምት በጨርቅ መሸፈን፣ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጭስ እንዲያገኘው ማድረግ ያስፈልገዋል። የመኳንንቱ ጋሻ በከፋይ ይለበጣል፣ የብርና የናስ ጌጥ ይለጠፍበታል፣ የአንበሳ ጎፈርም ይንጠለጠልበታል፤ ይህ ሁሉ ክብደቱን ስለሚጨምር ጌታው ራሱ አይሸከመውም፤ ጋሻ ጃግሬው ይዞለት ከአጠገቡ ይሄዳል።

የጋሻው ጀርባ ከፊቱ ይልቅ የሚናገረው አለው። በዚያ ላይ የሚገኘው ወፍራም የጠፍር እጀታ በጡጫ የሚጨበጥ ስለሆነ ጋሻው በክንድ ላይ ተጣብቆ አይታሰርም፤ ከአካል ራቅ ተደርጎ ወደ ምቱ ይቀርባል፣ ይዞራል፣ ይገፋበታል። ለዚህም ነው የሾተል ቅርጽ የተፈጠረው። ሾተል እንደ ማጭድ በጣም የታጠፈ ሰይፍ ሲሆን፣ የጫፉ ጉብጠት በጋሻው ጠርዝ ዙሪያ አልፎ ከጀርባው የተጠለለውን ክንድና ጎን ለማግኘት የታሰበ ነው። ሰይፉ በቀኝ ጎን መታጠቁም ከዚሁ ይያያዛል፤ በግራ ቢታጠቅ የሚመዝዘው እጅ ከጋሻው ጋር ይጋጭ ነበር። ማጥቂያውና መከላከያው እርስ በርስ እየተያዩ ነው ያደጉት።

ይህ ሁሉ ጥበብ የተፈተነው የዋግ ሰው ዘውድ በጫነበት ዘመን ነው። ዋግሹም ጎበዜ፣ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ከተገደሉ በኋላ ሸፍተው የቆዩ ሲሆን፣ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የትግራዩ ካሳ ምርጫ ግን ከመቅደላ ሲመለስ በአገሩ ካለፈው የእንግሊዝ ጦር 12 መድፎችና ሞርታሮች፣ 850 ያህል ጠመንጃዎችም ተሰጥተውት ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ በዓድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ስፍራ ሲገናኙ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት 60,000፣ የካሳ 12,000 ያህል እንደነበረ ይነገራል። ከዋግ፣ ከላስታና ከሌሎችም አገሮች የተሰበሰበው ያ ሁሉ ጋሻ በሠለጠነ ተኩስ ፊት አልቆመም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ተማረኩ፤ አሸናፊውም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኖ ነገሠ። 6 ሚሊሜትር ቆዳ ጦርን እንጂ ጥይትን አይመልስም፤ ሆኖም ጋሻ ከአሳም በኋላ ወዲያው አልተጣለም። በ1888 ዓ.ም. ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሠራዊት ይዘው ጣሊያንን ሊገጥሙ ዓድዋ ሲደርሱ፣ ከ100,000 ገደማ ኢትዮጵያውያን መካከል እስከ 20,000 የሚሆኑት ጦርና ጎራዴ ብቻ ይዘው እንደተሰለፉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ጠላት ጥይት ሊያጎርስ ሲዘገይ ወይም ሳንጃ ለሳንጃ ሲደራረስ ጋሻ የቆየ ሥራውን ይሠራ ነበር። ሥራውን ፈጽሞ ያሳጣው ከ40 ዓመት በኋላ በአሸንጌና በቆረም ላይ ከጣሊያን አውሮፕላን የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ ነው፤ ከሰማይ እንደ ጤዛ ወርዶ እርቃኑን ያለውን ክንድ የሚያቃጥል ነገር በየትኛውም ጋሻ አይመከትም። ከዚያም በኋላ የዋግ ሰው ክንዱን አልሰበሰበም፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ያስነሡት ዐመፅ በ1930 ዓ.ም. መባቻ እርሳቸው እስከተገደሉበት፣ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ እይታ እስካቆመበት ቀን ድረስ ቀጥሏል።

የግራው ክንድ ታሪክ ይህ ነው። የቀኙ ክንድ ጦር የሚወረውርና ጎራዴ የሚመዝዝ ስለሆነ ባዶውን ይዋጋ ነበር፤ ለእርሱ የተሠራው ልብስ የሚመጣው ከድል በኋላ ነው። ቢትዋ በጀግንነት ለታወቀ ሰው ከንጉሥ ወይም ከታላቅ መኳንንት የሚሰጥ፣ ከአንጓ ጀምሮ ወደ ክርን የሚወጣ የብር አምባር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በወርቅ ይቀባል። ከቅርብ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ሁለት ግማሽ ሲሊንደሮች መሆናቸው ይታያል፤ በአንደኛው ጎን በማጠፊያ ይያያዛሉ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ጥርሶቻቸው እርስ በርስ ከገቡ በኋላ ቀጭን የብር ወስፌ ከላይ ወደ ታች ይሰካባቸዋል። ወስፌው ሲነቀል ቢትዋው እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ክንድ ይገባበታል፣ እንደገና ይዘጋል። በላዩ ላይ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የብር ሽቦ እየተጠመዘዘ የተበየደ ጌጥና እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ የብር ነጠብጣቦች ተደርድረውበታል።

ብሩ ከየት ይመጣ እንደነበረ የታወቀ ነው። አንጥረኛው በእሳት የሚያቀልጠው የማርያ ቴሬዛን ብር ሲሆን፣ እያንዳንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያም ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። አሥር ብር የቀለጠበት ቢትዋ ወደ 280 ግራም ይሆናልና፣ ክብደቱ ከላይ በተሰላው የበሬ ቆዳ የክንድ መሸፈኛ ልክ ነው። ስለዚህ ቢትዋ ለጦር ሜዳ ተብሎ ባይሠራም በክንድ ላይ የማይከብድ፣ ቅርጹም የእውነተኛ የክንድ ትጥቅ ቅርጽ ነው፤ ባዶውን የተዋጋ ክንድ ከጦርነቱ በኋላ በብር እንዲለብስ መደረጉ ከሌሎች አገሮች ሜዳልያ ይልቅ ወደ ጉዳዩ የቀረበ አሳብ ነው። ሜዳልያ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ቢትዋ ሥራውን የሠራውን የአካል ክፍል ይይዛል።

እነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ዛሬ ከአገራቸው ርቀው ይገኛሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት ጋሻዎችና የብር ዕቃዎች በእንግሊዝ ሙዚየሞችና በግል ቤቶች ተበትነዋል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ለንደን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከተመለሱት መካከል አንድ ጋሻ ነበረበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኒውካስል ከተማ ለጨረታ ቀርቦ የነበረ፣ የመቅደላ ስምና ቀን የተቀረጸበት ጋሻ በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታው ወጥቶ ለመመለስ በቅቷል። የአንድ ጋሻ መመለስ ለታሪክ አዋቂ ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እጀታው እንዴት እንደታሰረ፣ ቆዳው የት እንደሳሳ፣ ጠርዙ እንዴት እንደተቀለበሰ የሚያስተምረው ዕቃው ራሱ እንጂ ፎቶግራፉ አይደለም።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ደግሞ አሉ። የካቲት 23 በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ የዓድዋ ድል፣ እንዲሁም ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲከበር፣ ጎፈር የደፉ፣ ለምድ የደረቡ፣ ጦርና ጋሻ የያዙ ሰዎች ፎክረውና ሸልለው ያልፋሉ፤ ከእነርሱ ጋር ከአባቶቻቸው የወረሱትን የያዙ አረጋውያን፣ አጠገባቸው ደግሞ ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ የተቆረጠ ጋሻ የያዙ ወጣቶች ይታያሉ። የወጣቶቹ ፍቅር ከአረጋውያኑ አያንስም፤ የሚያንሰው ዕቃው ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ይጮኻል፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ በክንድ ላይ በማሰሪያ ስለሚጠፈርም ጋሻ እንዴት እንደሚያዝ ለያዢው አያስተምረውም። በፊልምና በመድረክ ላይም ይኸው ጉድለት ይታያል። ጋሻን በሥራ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚቀርበው ጉግስ ነው፤ በጉግስ ፈረሰኞች በትር እየወረወሩ ሲባረሩ የሚወረወርባቸውን በጋሻ ይመክታሉ፤ ከዋግ ኽምራ አገዎች ጋር በዘር የሚቀራረቡት የአዊ አገዎችም በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚያከብሩት የፈረሰኞች በዓል ይህን የፈረስ ባህል በሕይወት አቆይተውታል።

እውነተኛውን ጋሻ እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ በዋግ አለ። ጎሽ ማደን አያስፈልግም፤ የአንድ ትልቅ በሬ የአንገትና የጀርባ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ይበቃል፤ ከሆድ በኩል ያለው ግን ስስና የሚለጠጥ ነውና መተው ይሻላል። ቆዳው ተነክሮ ጠጉሩ ከተገፈፈ በኋላ፣ ከእንጨት በተጠረበ ወይም ከጭቃ ተሠርቶ በደረቀ ሾጣጣ ቅርጽ ላይ ይለበሳል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተበስቶ በገመድ ወደ ችካሎች ይወጠራል፣ በጥላ ሥር ይቀመጣል። ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ቆዳ ላዩ ቀድሞ ስለሚጠብቅ ይሰነጠቃል፤ ከእሳት አጠገብ የሚደርቅም ይበስላል፣ የበሰለ ቆዳ ደግሞ እንደ ገል ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያው ቆዳ ከተረፈው 25 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በጠርሙስ ላይ ተጠምጥሞ ቢደርቅና ውስጡ በባዘቶ ቢደለደል፣ ለትዕይንት የሚፋለም ሰው ያንን ሥጋ የማይከልለውን አጥንት ከዱላ የሚጠብቅበት የክንድ መሸፈኛ ይወጣዋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሰቆጣ አየር ደረቅ ነው፤ ኅዳር ላይ የተነከረ ቆዳ በታኅሣሥ ቅርጹን ይይዛል፣ በጥር እጀታው ይታሰርለታል፣ ለየካቲት 23ም ይደርሳል።